ለምዶታል

ተነንቴው፣ የጣልያኖቹ መቶ አለቃ፣ አልጋው ላይ ሞቶ የተገኘው በደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ጧት ነው። ሁዳዴ ገና መጋመሱ ነበር። በሩ ላይ ዘብ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ አንሶላውን እንዳወጣ የተጠራሁትም እኔው ነኝ፤ ደግ ነገር ሲኖርማ ማን ጌጡን ይጠራል! አንሶላው በደምና በተቅማጥ ተበላሽቷል። ያ ደንዳና ጎልማሳ በጥቂት ቀን ሕመም ዓይኑ ጎድጉዶ ጉንጩ አልቋል። ጣልያን ነው፣ አገሬን የወረረ ነው፤ እንዲያም ሆኖ አሳዘነኝ፤ ማዘኔም መልሶ አናደደኝ።

የምሽጉ ሐኪም፣ እኛ ዶቶሬ የምንለው፣ እጁን እየታጠበ ለአዛዡ ለመጆሬው አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኩት ባሻ አያሌውን።

«መርዝ ነው አለ።»

ባሻ አያሌው የደብረ ታቦር ፖሊስ መርማሪ ነው። በጃንሆይ ጊዜ የኬላ አለቃ ነበር፤ ከነጋዴ ጋር ምጽዋ ድረስ ወርዶ ስለነበር ጣልያንኛ ይናገራል። ጣልያን ሲገባ ወይ ጫካ ወይ የጣልያን ቆብ ሆነ፤ እሱ ልጆቹን አየና ቆቡን አጠለቀ፤ እኔም ተከትዬው አጠለቅሁ። ሰው ባንዳ ይለናል። አይደለንም ብለን አንከራከርም፤ በምን አፋችን! አብሮ አደጌ ስለሆነ በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻችን አንተ እለዋለሁ።

በዚያው ጧት ከጋፋት ሌላ መርዶ መጣ። እዚያ ያለው የጣልያኖቹ የከብት እርባታ ጥጃ ጠባቂ፣ እሸቴ የሚባለው፣ በዚያው በደም ተቅማጥ ሞቷል። ሦስተኛዋ ሕመምተኛ ደግሞ የገዛ የባሻ እናት፣ እማማ እቴነሽ ናቸው። እሳቸው ነፍሳቸው አለች፤ ግን ከመደባቸው አይነሱም።

መጆሬው ባሻን አስጠርቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። ዶቶሬው ግን አልጮኸም፤ ነገሩን ቁጭ ብሎ አስረዳው፤ ባሻም ለእኔ አስረዳኝ። አምና በሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለ የደም ተቅማጥ ገብቶ ነበር። ዶቶሬው አዲስ የመጣውን ነጭ የመድኃኒት ዱቄት አጠጣ፤ አንድም ወታደር ሳይሞት ሁሉም ዳነ። ዘንድሮ ለተነንቴው ያንኑ ዱቄት አጠጣው። አልዳነም።

«በሽታ ቢሆን ዱቄቴ ያድነው ነበር» አለ ዶቶሬው። «አላዳነውም። እንግዲያው በሽታ አይደለም።»

እኔ በዚህ ነገር ላይ ቀዳዳ ፈልጌ አጣሁ። ባሻም አጣ።

* * *

መርዝ ከሆነ በምን ገባ? ጣልያን ከሚበላው እሸቴ አይበላም፤ እሸቴ ከሚበላው እማማ እቴነሽ አይበሉም። እሳቸውማ የለየላቸው ጾመኛ ናቸው፤ ልጃቸው ቆብ ያጠለቀ ዕለት ደግሞ «ከጣልያን ድርጎ አንዲት ፍሬ በአፌ አትዞርም» ብለው በታቦት ምለዋል። ሦስቱን ቤት የሚያገናኝ አንድ ነገር ብቻ ተገኘ፤ ጨው። ሦስቱም ጨው የሚገዙት ከሁሴን ነው።

የሁሴን ሱቅ ተበረበረ። ከአሞሌው ክምር ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ወጣ። ዶቶሬው በምላሱ ቀመሰና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ የኔ ዱቄት ነው። ጋፋት ካለው መጋዘን ካልሆነ ከየትም አይገኝም። እዚያው መጋዘን ውስጥ የመዥገር ማጥፊያ መርዝ አለ። ይሄን የሰረቀ ያንንም ይሰርቃል።»

መጆሬው የቀረውን ራሱ ጨረሰው። የተመረዙት እነማን ናቸው? አንድ ጣልያን፣ አንድ የጣልያን ጥጃ ጠባቂ፣ አንዲት የጣልያን ባሻ እናት። ስለዚህ ሁሴን የአርበኞች ሰው ነው። ጣልያን እስላሙን ወዳጄ ነው ይል ስለነበር ተከዳሁ ብሎ ይበልጥ ነደደ። ቅዳሜ ገበያው መሐል እንዲሰቀል አዘዘ።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ይስጡኝ» አለ ባሻ። «የታመመችው እናቴ ናት። ያሳመማትን ሰው በእርግጥ ልወቀው።»

መጆሬው እጁን አወናጨፈና ፈቀደ።

* * *

ሁሴን ከእስር ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ረጅም ነው፤ ጣሪያው ስለሚነካው ጎንበስ ብሎ ተነሳ። አንድ ዓይኑ አብጧል። ያሳበጡት የእኛው ልጆች ናቸው፤ እኔ ወለል ወለሉን አየሁ።

«እማማ እቴነሽ እንዴት አደሩ?» አለ ቀድሞ።

ባሻ ጥያቄውን አለፈው። «ዱቄቱን ከየት አመጣኸው?»

«አህያዬ ሆዷን ታማ ለሷ ነው።»

«ለማን አላልኩህም። ከየት ነው ያልኩህ።»

«የሰጠኝ ሰው በደግነት ነው የሰጠኝ ባሻ። አሁን ስሙን ጠርቼ ሌባ አላሰኘውም።»

«አንተ ሰው፣ አንገትህ እኮ ነው!»

«አንገቴ የኔ ነው። የሱ ስም ግን የልጆቹ ነው።»

እኔ «ይሄ ደረቅ!» ብዬ ልጮህ ስል ባሻ ክንዴን ያዘኝ። ወጣን።

«ሰማኸው?» አለኝ። «ስሙ የልጆቹ ነው አለ። ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። ከጋፋት መጋዘን ዱቄት ሊያወጣ የሚችል፣ የሞተ፣ ልጆች ያሉት።»

«እሸቴ!»

«እሸቴ። እንግዲህ ሁሴን እሸቴን ገደለው በለኛ፣ ለአህያው መድኃኒት የሰጠውን ሰው።»

* * *

ማክሰኞ ጋፋት ወረድን። የእሸቴ ሚስት ውዴ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ከለቀስተኛው መሐል ተነስታ መጣች። ቆባችንን ስታይ ደነገጠች። ባሻ ከወጥ ቤቷ ጨው አስመጣና አንድ ቁራጭ ሰብሮ አፉ ውስጥ ጨመረ፤ እኔ «በስመ አብ!» አልኩ፤ እሱ ግን እያኘከ ጥያቄውን ቀጠለ።

«እሸቴ ሳይሞት ምን አለሽ?»

«ምንም» አለች። ቀጥላም ወደ ጎን እያየች «ትኩሳቱ ሲያቃዠው 'ለምዶታል፣ ለምዶታል' ይል ነበር» አለች።

«ማን ነው የለመደው? ምኑን?»

«እኔ ምን አውቄ ባሻ። የበሽተኛ አፍ ነው።» የነጠላዋን ጫፍ ጎረሰች።

መንገድ ስንገባ እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «ሌባ ነው እንጂ ሌላ ማን ይለምዳል! መጋዘኑን መክፈት የለመደ አንድ ሰው አለ፤ እሸቴ አይቶታል፤ ለዚያ ነው የተመረዘው!» አልኩ። ባሻ ጨው የበላበትን አፉን በወንዝ ውኃ ተጉመጠመጠና «ሊሆን ይችላል» አለ።

የመጋዘኑ ቁልፍ ታደሰ በሚባል ሰው እጅ ነው። ተነንቴው መታመም በጀመረበት ዓርብ የት እንደነበር ጠየቅነው። ላብ በላብ ሆነ።

«ጋፋት ነበርኩ።»

«አልነበርክም። ዘበኛው ዓርብ አላየሁትም ብሏል» አለ ባሻ።

«እንግዲያው… አንበሳሜ። ዘመድ ጥየቃ።»

«የዘመድህ ስም?»

ታደሰ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘመድ የለም፤ አበበች የምትባል አረቄ ሻጭ ናት፤ ከሷ ዘንድ ነው ያደረው፤ በሁዳዴ፣ ያውም በዓርብ! «ለንስሐ አባቴ አትንገሩብኝ፤ መርዟል በሉኝና ስቀሉኝ ይሻላል» አለ። ሰው ልከን አጣራን፤ እውነቱን ነው።

መጋዘኑን ሲከፍትልን የመዥገሩን መርዝ አየነው። ቆርቆሮው ከነእርሳስ ማኅተሙ ነው፤ ማንም አልነካውም። የነጩ ዱቄት በርሜል ግን ወደ ታች ወርዷል።

«ይሄን ሁሉ ማን ጨረሰው?» አልኩ።

«ጥጆቹ ናቸዋ» አለ ታደሰ አፍንጫውን እየጠረገ። «የዶቶሬው ትእዛዝ ነው። በየጧቱ እየሰፈርኩ ለእሸቴ እሰጠዋለሁ፤ የታመመውም ያልታመመውም ጥጃ ከጨው ጋር ይልሳል። እንዳያስቀምጣቸውና ለመኮንኖቹ ገበታ ቶሎ እንዲወፍሩ ነው።»

ባሻ በርሜሉን ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው። እኔ ግን ሌባዬ ስላመለጠኝ ተናድጄ ነበር። የያዝነው ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነውሩን ሆነና ሥራችን ከመርማሪ ይልቅ የንስሐ አባት መሰለ።

* * *

ረቡዕ እማማ እቴነሽን ልንጠይቅ ሄድን። ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው፤ ጎረቤት ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ አለ። አምና ጣልያን ሽፍታ አድሮበታል ብሎ ማሳውን ሲያቃጥል የእሳቸውም ገብስ አብሮ ነደደ። ማን ነበር እሳቱን የለኮሰው? ይሄን አትጠይቁኝ፤ የእኛው ቆብ ነው።

ባሻ ከደጃፉ ሲደርስ ቆቡን አውልቆ ከግቢው ካብ ላይ አስቀመጠ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕጋቸው ነው፤ ያ ቆብ ከሳቸው ደፍ አያልፍም። ከልጃቸው ቤት የመጣ እህልም አያልፍም። እኔም ቆቤን ከጎኑ አስቀመጥኩ።

እማማ ከመደቡ ላይ ሆነው እጃቸውን ሰጡን። እጃቸው ቀሎብኝ ደነገጥኩ።

«ምን ቀመስሽ እናቴ፣ ሳትታመሚ በፊት?» አለ ባሻ።

«ምን እቀምሳለሁ? ቆሎ። ጎመን። ጾም አይደለም እንዴ?»

«ሌላስ?»

«አንተ ልጅ፣ ለኔም መርማሪ ልትሆንብኝ ነው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከመደቡ ሥር ድመታቸው አንዲት ቅል ይዛ የቅሏን አፍ ትልሳለች። በግምባሯ እየገፋች ቅሏን ወዲያና ወዲህ ታንከባልላለች። እኔ ሳቄ መጣና «እማማ፣ ድመትዎ ጾም አታውቅም?» አልኩ። ማንም አልሳቀም። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ባሻ ቅሏን አየ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ተነሳና «ደኅና ዋይ» ብሎ ወጣ። ቆቡን ረስቶት ሄዶ እኔ ነኝ ከካቡ ላይ አንስቼ ያቀበልኩት።

ቤቱ ጎራ ብሎ ከሚስቱ ከአሰለፈች ጋር በጓዳ አወራ፤ ድምፅ አልሰማሁም፤ ሲወጣ ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ጋፋት እንሂድ።»

* * *

እርባታው ስንደርስ የከሰዓት አላቢዎች ሥራ ጀምረዋል። ባሻ ከአጥሩ ተደግፎ ማየት ያዘ። ላሟ ወተቷን እንድትለቅ መጀመሪያ ጥጃዋ ይፈታላታል፤ እንደኛው ቤት ነው። ጥጃው ጅራቱ በተቅማጥ ተለቅልቋል፤ እየተንገዳገደ ጠባ። አላቢው በክንዱ ገፋውና፣ እጁንም ጡቷንም ሳያጥብ፣ ማለብ ጀመረ።

ከአጥሩ ወዲያ አዲስ የተቆፈረ አፈር ነበር። «ምንድን ነው?» አልኩት አላቢውን።

«ጥጃ ነው። ይሞታሉ ዘንድሮ።»

ባሻ በቀጥታ ወደ ውዴ ቤት ሄደ። ለቀስተኛው ተበትኖ ብቻዋን ነበረች። ቆቡን ከበሩ ውጭ አስቀምጦ ሲገባ ባየሁት ጊዜ ገረመኝ፤ ለእናቱ ብቻ ነበር እንዲህ የሚያደርገው።

«ውዴ» አላት፣ «እሸቴ ዱቄት መስረቁን አውቃለሁ። ለማንም አልናገርም። ሁሴንም አልተናገረም፤ ሊሰቀል ነው፤ አሁንም አልተናገረም።»

ውዴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሌባ አይደለም ባሻ! ከጥጆቹ እየቀነሰ አንዳንድ ቁንጥር ነው ያመጣው። ሲታመም እኔ በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት። ደጋግሜ አጠጣሁት። 'ተይ አትድከሚ፣ ለምዶታል' አለኝ።»

«ማ?»

«በሽታው ነዋ! በሽታው ዱቄቱን ለምዶታል አለኝ። መጀመሪያ ጊዜ ጥጃ ሲያስቀምጠው ትንሽ ሲያልሰው ማታውኑ ይድን ነበር። ኋላ ኋላ ዱቄቱን በየቀኑ እየላሱ፣ እየላሱ ይሞቱ ጀመር። ለዶቶሬው እንዳይነግር፣ ዱቄቱን ሰርቀህ ነው ይለኛል ብሎ ፈራ። እውነትም ይቀንስ ነበርና አፈረ።»

እኔ ሌባ ለምዷል ስል፣ ሟቹ የሚያወራው ስለ በሽታ ነበር። ዶቶሬው «ዱቄቱ አላዳነም፣ ስለዚህ በሽታ አይደለም» ያለው፣ እንዲያ እንደ ድንጋይ የጠነከረብን ነገር፣ በአንዲት ቃል ተሰበረ። ለካስ በሽታ ሆኖም ዱቄቱ ላያድን ይችላል!

* * *

ሐሙስ ዶቶሬውን ይዘነው ወረድን። ሲመጣ እየተቆጣ ነው የመጣው። ባሻ አንድ የታመመ ጥጃ አሳየውና «በገዛ እጅዎ ዱቄቱን ይስጡት» አለው። ዶቶሬው ሙሉ እፍኝ ሰጠው። ዓርብ ጧት ተመልሰን ብንሄድ ጥጃው ተዘርግቶ ሞቷል፤ ዱቄቱ ገና ከንፈሩ ላይ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

ዶቶሬው ከጥጃው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። እውነት ለመናገር ሲስቅም ሲቆጣም አይቼው አውቃለሁ፣ ሲያፍር ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። አንገቱ ድረስ ቀላ። ከዚያ በዝግታ ሲናገር ባሻ እየተከተለ ነገረኝ።

«ዓይን የማያየው ሕይወት ያለው ነገር ነው በሽታውን የሚያመጣው ይላል። ዱቄቱ ደካማውን ይገድላል፤ የቻለው ይቀራል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስትሰጠው ደካማው አለቀ፤ የቻለው ብቻ ተራባ። ከጥጃው ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ ወደ ሰው። ተነንቴው በየጧቱ ወተት ጥሬውን ይጠጣ ነበር ይላል። እሸቴም እጁ ከጥጆቹ አይለይም።»

«እሸቴ በአንዲት ቃል የተናገረውን!» አልኩ። ወዲያው ግን ቆጨኝ፤ ሰውየው በእርግጥ ተሰብሮ ነበር።

መጆሬው ዘንድ ገባን። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ጣቱን አነሳ።

«ተነንቴው ወተት ጠጣ። ጠባቂው ጥጃ ነካ። አሮጊቷስ? ከእርባታው ጋር ምን አገናኛት? በጾማችሁ ወተት እንደማትጠጡ አገር ያውቃል። እሷ ወተት ጠጥታ ከሆነ አምናለሁ። ካልጠጣች ግን ሦስቱን የሚያገናኝ ጨው ነው፤ ጨው ሻጩም ነገ ይሰቀላል።»

ባሻ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

እኔ ከበሩ ውጭ ያዝኩት። «ጠጥታለች አትለውም ነበር? ምን ቸገረህ፣ ዋሽተህ ሰውየውን አታድነውም!»

«ውሸት ቢሆን ኖሮ እልለት ነበር» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ድመቷና ቅሏ ትዝ አሉኝ።

ከግንብ ሥር ተቀመጥንና ነገረኝ። ለባሻ ድርጎ ተብሎ ከጋፋት ወተት ይመጣል። እማማ ገብሳቸው ከነደደ በኋላ ጠኔ ሊጥላቸው ደርሶ ነበር፤ ለሰው አልተናገሩም፤ ለልጃቸውማ ጭራሽ። አሰለፈች አንድ ቀን ወድቀው አገኘቻቸውና ከዚያ ወዲህ ወተቱን በቅል አድርጋ ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ታመላልሳለች። ለባሻ እንዳትናገር አስምለዋታል።

«ልጆቼ ያንኑ ወተት ይጠጣሉ» አለ። «ምንም አልሆኑም። አሰለፈች ታፈላዋለች። እናቴ ግን አላፈላችውም ጌጡ። በሁዳዴ የፈላ ወተት ሽታ ጎረቤት ይደርሳል። እንዳይታወቅባት ጥሬውን ጠጣችው።»

ከግንቡ ሥር አንድ ጠጠር አነሳና ወረወረ። «እናቴ በራብ ልትሞት ነበር፤ እኔ በየሳምንቱ ከደጃፏ ቆቤን አስቀምጬ እየገባሁ ጠግበሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። አፍሬ ነበር። አሁን ደግሞ ይሄን ሁሉ አውጥቼ በመጆሬው ፊት ልጥራት? ጾም ሽራለች፣ መሐላዋን በልታለች ብዬ?»

«ሁሴንስ?»

«እሱን ነው የማስበው» አለ። «ከሱ በቀር ምንም አላስብም።»

* * *

እኔ እንግዲህ አፌ አያርፍም፤ አገር ያውቀኛል። ከሰዓቱን ብቻዬን እማማ ቤት ሄድኩ። ቆቤን ከካቡ አስቀመጥኩ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስለ ድመት አላነሳሁም። ስለ ወተት አላነሳሁም። ይሄን ያህል እንኳ ጨዋነት አለኝ።

«ሁሴን ጨው ሻጩ ነገ ይሰቀላል» አልኩ።

«ምን ሆኖ?» ብለው ቀና አሉ። ማንም አልነገራቸውም ነበር።

«አንቱን በጨው መርዟል ተብሎ ነዋ። ባሻ ሊያስጥለው ደክሟል፤ አልሆነለትም።»

እማማ ድመቷን ከጭናቸው ላይ አወረዱ።

«ውጣልኝ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ወጣሁ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ቆቤን ከካቡ ሳነሳ ነው።

* * *

ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሏል። ሁለት ባሕር ዛፍ ቆሞ አንድ ተጋድሞበታል። ሕዝቡ ሁሴንን ሲያይ አልጮኸለትም፤ ይልቅ አንዳንዱ «መርዘኛ!» ይል ነበር። ትናንት ከሱ ጨው ሲገዙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኔና ባሻ ገመዱ አጠገብ ቆመናል። የባሻ እጅ መሣሪያው ላይ ነው፤ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ዛሬም አላውቅም።

ከታች በኩል ሰው መሸሽና መንገድ መልቀቅ ጀመረ። ቃሬዛ ይመጣል። ሬሳ መስሎት ያማተበም አለ። አራት የገበያ ተሸካሚ ጎረምሶች ይዘውታል፤ አሰለፈች ከጎን ታለቅሳለች። እማማ እቴነሽ ቃሬዛው ላይ ናቸው።

«አውርዱኝ» አሉ። በአሰለፈች ትከሻ ተደግፈው ተነሱ። ቆመው ሳይ ቁመታቸው ያጠረ መሰለኝ።

«እቴነሽ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ገበያው ግን ፀጥ አለ። «ሁሴን ጨው ነው የሸጠልኝ፤ መርዝ አልሸጠልኝም። እኔ ወተት ጠጥቻለሁ። በሁዳዴ። የላም ወተት። ከልጄ ድርጎ፣ ከጣልያን ላም፤ አልቀምስም ብዬ የማልኩበትን። ርቦኝ ነው። እንዳይሸታችሁ ብዬ ሳላፈላ ጠጣሁት። ያሳመመኝ እሱ ነው።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንዱ ከኋላ «እሷም!» አለ። ማን እንደሆነ ባውቅ ዛሬም ጥርሱን አረግፈው ነበር።

ባሻ ለመጆሬው ማስተርጎም ነበረበት። ሥራው ነው። የእናቱን ቃል አንድ በአንድ ወደ ጣልያንኛ ሲመልስ ድምፁ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። ዶቶሬው ወደ መጆሬው ጠጋ ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። ኋላ ባሻ እንደነገረኝ «ገመዱን ማጥለቅ ካለብዎ ለእኔ ያጥልቁልኝ» ነው ያለው። መጆሬው አጉረመረመ፤ ዞሮም ሄደ። ሁሴንን የፈታሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያለው ሰው የለም፤ እኔም አላልኩትም፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ።

* * *

ማታውን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ከባሻ ጋር እማማ ቤት ሄድን። ሌላ ቀን ቢሆን በሽተኛ ጠያቂ ደጁን ይሞላው ነበር። ያን ዕለት ግራና ቀኙ ያለ በር ሁሉ ተዘግቷል። ከካቡ ሥር ሁሴን ብቻ ተቀምጧል፤ አንድ አሞሌ በእጁ ይዟል።

«አትገባም እንዴ?» አልኩት።

«ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት» አለ። «ግን ለኔ ብለው የሆኑትን ሆነው፣ በምን ዓይኔ ልያቸው? አፈርኩ።»

ባሻ ቆቡን አውልቆ ከካቡ ላይ አስቀመጠ። ሊገባ ሲል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«አያሌው፣ አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ።»

«ቆቡን አስቀመጥከው?»

«አስቀመጥኩት።»

«አድርገውና ግባ።»

«እናቴ…»

«አድርገው ልጄ። ከእንግዲህ እኔ ማንን ነው ከደጅ የማስቆመው? እኔም እኮ ከድርጎው ጠጥቻለሁ።»

ባሻ ቆቡን አነሳው። ሊያጠልቀው እጁን ወደ ራሱ አመጣና እጁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። መግባት አልቻለም፤ መሄድም አልቻለም። በመጨረሻ ከደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቆቡን በጉልበቱ መሐል ይዞ አለቀሰ። ሁሴን ፊቱን ወደ ካቡ አዞረለት። እኔም የራሴን ቆብ ከነጠላዬ ሥር ሸሸግሁት።